አባባ፣ ጠብታውን አይርሱ

ይድረስ ለአባባ፣ ጎንደር።

እንደምን ከርመዋል? እኔም፣ ልጆቹም፣ አባታቸውም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናፍቆትዎ ብቻ ነው። ይህን የምታነብልዎ የእህቴ ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። የሚከብድሽ ቦታ ስትደርሺም አትዝለይ። አባባ ሲዘለል ያውቃሉ።

መጀመሪያ የጠብታውን ነገር ልጨርስ። ማታ ማታ የሚደረገውን ትተውታል ብላ እህቴ ነገረችኝ። «አያመኝ፣ ለምን አደርገዋለሁ?» አሉ አሉ። አባባ፣ ግላኮማ እኮ አያምም። ክፋቱም እሱ ነው። የዓይን ሞራ ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ብርሃኑም ይመለሳል። ይሄኛው ግን የወሰደውን አይመልስም። ከጎን ከጎን እየበላ ወደ መሀል ነው የሚመጣው። ጠብታው የቀረውን ለመጠበቅ ነው። ፀበሉን ይተዉ አላልኩም። ፀበሉንም ይጠመቁ፣ ጠብታውንም ያድርጉ። ሁለቱ አይጣሉም። ባለፈው የላክሁት ብልቃጥ ካለቀ ዛሬውኑ ይደወልልኝ።

የገብርኤልን ሥዕል ፎቶ አይቼዋለሁ። ፊቱ ያው የእርስዎ ፊት ነው። ዓይኑ ክብ፣ ሙሉ፣ ወደ ቀኝ የሚያይ። ቅንድቡ በአንድ ትንፋሽ የተሳበ። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ መስመር የሚስብ ሌላ ሰው አላውቅም። የግራ ክንፉ ግን ጫፍ የለውም። መስመሩ ወርዶ ወርዶ መደቡ ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ ፎቶው የተቆረጠ መሰለኝ። አልተቆረጠም፤ የጨርቁ ጠርዝ ይታያል። ደጋግሜ አየሁት። ክንፉን ያልጨረሱት ስላልታየዎት ነው።

ስለ ልጆቹ ልንገርዎ። ማሙሽ አራተኛ ክፍል ገብቷል። ኳስ እንጂ ሌላ ነገር አይታየውም። ጫማ አልበረክትለት ብሏል። ሚጡ 7 ዓመቷን ያዘች። የፊት ጥርሶቿ ሁለቱም ወለቁ። ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ አለቀሰች። እኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ የቱን ጣሪያ? ስቱዲዮዬ ድረስ ይዣት ሄድኩ። እዚያ ቆርቆሮው ዝቅ ያለ ነው። ወርውራ ድምፁን እስክትሰማ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ስትስቅ እማማን ትመስላለች። የላኩላትን የሐበሻ ቀሚስ አላወልቅ ብላ ትምህርት ቤት ለብሳው ልትሄድ ነበር።

ሥዕልም ትስላለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ሳለች። ፊቱ ከጎን ነው፤ አፍንጫው ወደ ግራ ወጥቷል። ጉንጩ ላይ ግን ሁለት ዓይን አድርጋለታለች። «ለምን ሁለት?» አልኳት። «አንዱ ምን በልቶት?» አለችኝ።

ያኔ ሁሉም ነገር መጣብኝ። አባባ፣ የመዶሻውን ሰውዬ ያስታውሱታል?

1988 ዓ.ም. ነው። 11 ዓመቴ ነበር። ስቅለቱ ጓዳው ውስጥ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። አቡጀዲው ሙጫውን ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደርቋል። የቀለሙን ዱቄት የምበጠብጥልዎ እኔ ነበርኩ። ጣቶቼ ሁልጊዜ ቀይ ነበሩ፤ የትምህርት ቤት ልጆች ያሾፉብኝ ነበር፤ እኔ ግን እኮራበት ነበር። የዚያን ቀን እርስዎ ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። ከመስቀሉ ሥር መዶሻ የያዘው ሰውዬ እንደ ደንቡ ከጎን፣ በአንድ ዓይን ተስሏል። ደንቡን አውቀዋለሁ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉ ፊቱን ያዞራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ግን ሰውዬው አሳዘነኝ። ዕውር መሰለኝ። ቀጭኗን ብሩሽ አነሳሁና ጉንጩ ላይ አንድ ዓይን ጨመርኩለት።

ሲመለሱ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቡናማውን ቀለም በጠበጡ። ጉንጩን ቀቡት። ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ ብሩሾቹን አጥበው፣ እኔ የማልደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። በማግስቱ ቀለም የሚበጠብጠው ወንድሜ ሆነ። «አንቺ እናትሽን እርጂ» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ወንድሜ ሥዕል እንደማይወድ ቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ሸሽቶ መኪና ማጠብ ጀመረ። መደርደሪያው ግን ዝቅ አላለልኝም።

የሠሩልኝን አልረሳሁም። ሕፃን ሳለሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስደው፣ አንገቴ እንዳይታመም ራሴን በመዳፍዎ ደግፈው፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት አሳይተውኛል። «ሁሉም ያዩሻል» ብለውኝ ነበር። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ልማር ስል ጊደሯን ሸጠው የላኩኝም እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ አባባ። እንደሚገባው አመስግኜዎት አላውቅም።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ነግሬዎት አላውቅም። እስቲ ልንገርዎ።

ትምህርት ቤት ጥላ አስተማሩኝ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ መጀመሪያ ጠይቂ ይሉኛል። እኔ ግራ ገባኝ። በእርስዎ ሥዕል ብርሃን ከየትም አይመጣም፤ ቀለሙ ራሱ ነው የሚያበራው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ጣና ሐይቅ ውስጥ ወዳለው ደቅ ደሴት ወሰዱን። ናርጋ ሥላሴን አየሁ። በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ጉንጫቸው ሙሉ ሙሉ የሆኑ ፊቶች አሉ፤ ጥላ ገብቶባቸዋል። መምህራችን ይሄ ሁለተኛው የጎንደር ስልት ነው አሉን። ከእሱ በፊት የነበረው ቀለሙ ጠፍጣፋ ነው፣ ጥላ የለውም፣ መስመሩ ጠንካራ ነው አሉ። ጎንደር ተወልጄ፣ ጓዳ ውስጥ ቀለም በጥብጬ አድጌ፣ የእርስዎ እጅ ወደ ፊተኛው እንደሚያደላ የገባኝ በመልሱ ጀልባ ላይ ነው።

ያኔም አንድ ነገር ልልዎ ፈልጌ ነበር። «አባቶች ያቆዩትን አልነካም» ይላሉ ሁልጊዜ። አባባ፣ አባቶችም እኮ ነክተውታል። ጥላውን ያስገባ ሰው ነበረ። አንድ ቀን ብሩሹን አንስቶ ጉንጭ ያጠቆረ የመጀመሪያ ሰው ነበረ። ምናልባት እሱንም አባቱ ተቆጥተውት ይሆናል።

ከዚያ የገብረ ክርስቶስ ደስታን «ጎልጎታ» አየሁ። ቀይ ነው። ስቅለት ነው፣ ግን እኛ እንደምናውቀው አይደለም። ቀዩ ሆዴ ውስጥ ገባ። የእሱም አባት፣ አለቃ ደስታ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጃቸው ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ መጣና ረቂቅ ሥዕል ሠራ። ሁለቱ ስለዚህ ነገር ምን ተባብለው ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ።

ከተመረቅሁ በኋላ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ፊት አልሳልኩም። ቀለም ብቻ። ቀይ፣ ቢጫ፣ የግድግዳ ጭቃ የሚመስል ቡናማ። ሰው ረቂቅ ሲለው እኔም ረቂቅ እል ነበር። በ2006 የመጀመሪያ ዐውደ ርዕዬን ስከፍት ከጎንደር በአውቶቡስ መጡ። ጋቢዎን እንደለበሱ ከሥዕል ሥዕል ዞሩ። ትልቁ ቀይ ሸራ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። «ዓይኑ የታል?» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። «እርስዎ አጠፉት» ልል ነበር። አልወጣልኝም። ምሳ እንብላ አልኩዎ። ክትፎ አዘዝኩ፤ እርስዎ ግን ጾም ነው ብለው ሽሮ በሉ። ቀኑ ረቡዕ እንደነበር እንኳ ዘንግቼ ነበር።

አምና ከጥምቀት መልስ ግን ፊት መሳል ጀመርኩ። ሸራውን ትቼ አቡጀዲ ገዛሁ። ቀለሙ አክሬሊክ ነው እንጂ አሠራሩ የእርስዎ ነው። ጥላ የለም። መደቡ ቢጫና ቀይ ነው። ጥቁሩ መስመር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ቀን ቅንድብ እየሳብኩ ሳለ ምላሴን በጥርሴ ነክሼ ይዤ ራሴን አገኘሁት። እርስዎ እንደሚያደርጉት። ብሩሹን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

የምስላቸው ሰዎች የዚህ ሰፈር ሰዎች ናቸው። የታክሲ ረዳት፣ በቆሎ ጠባሿ፣ የባንኩ ዘበኛ። ሁሉም ከጎን ናቸው። ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። ያየው ሁሉ ፒካሶ ይለኛል። እውነት ነው፣ ፒካሶ የሚባለው የፈረንጅ ሠዓሊም ከጎን በሚታይ ፊት ላይ ሁለት ዓይን ያደርግ ነበር። እኔ ግን የፒካሶን ስም ሳልሰማ ነው ያደረግሁት። በዚያ ጓዳ ውስጥ፣ በእርስዎ ቀጭን ብሩሽ። «ስታይልሽን አገኘሽ» ይሉኛል ጓደኞቼ። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽዎትም። አርባ ዓመቴ ነው፤ እጄ የት እንደሚሄድ ያወቀ የመሰለኝ ገና አሁን ነው። ግን ከየት እንደመጣ ለማንም አልተናገርኩም። ለእርስዎ ሳልነግር ለሌላ ሰው መንገር ከበደኝ።

አሁን ልንገርዎ። አምና ለጥምቀት ስመጣ፣ ስቅለቱ ያለበት ቤተ ክርስቲያን ለብቻዬ ሄጄ ነበር። በሴቶች በኩል ቆምኩ። ጨርቁ ከታች ከግድግዳው ተላቋል። ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የመዶሻው ሰውዬ ጉንጭ ላይ ያለው ቡናማ እየረገፈ ነው። ከሥሩ ጥቁር ነገር ይታያል። ተጠግቼ አየሁት። ዓይን ነው። ትልቅ፣ ጠመም ያለ፣ ለጉንጩ የማይመጥን። የኔ ዓይን ነው አባባ። ወጥቶ እያየኝ ነው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። አጠገቤ ያሉ እናት ስለ ጌታ ሕማም ያለቀስኩ መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

ማታውኑ ራት ላይ ልነግርዎ ነበር። እርስዎ ግን ከፊትዎ ትንሽ ወደ ግራ ያለውን እንጀራ በእጅዎ እየዳበሱ ይፈልጉ ነበር። እህቴ ቀስ ብላ ወደ እጅዎ ገፋችልዎ። አፌ ተያዘ።

አሁን ደግሞ ሰበካ ጉባኤው አሮጌው ጨርቅ ወርዶ በዘይት ቀለም አዲስ እንዲሣል ፈልጓል፣ እርስዎም «ይውረድ፣ ጊዜው አልፏል» ብለዋል የሚል ሰማሁ። እባክዎ ገና ነው ይበሏቸው። ስለኔ ዓይን ብቻ ብዬ አይደለም። ያ ጨርቅ ላይ ያለችው እመቤታችን እርስዎ ከሠሩት ሁሉ የበለጠች ናት። የተላቀቀውን የሚያውቅ ባለሙያ አይቶ በሙጫ ይያዘው። ላዩ ላይ ግን ማንም ብሩሽ አያሳርፍበት። ወጪ ካለው እኔ እችላለሁ፤ ባለፈው ወር ሁለት ሥዕል ሸጫለሁ።

ለትንሣኤ እመጣለሁ። መንገዱን ያውቁታል፤ በአውሮፕላን ነው። ሚጡን ይዣት እመጣለሁ። ከቅዳሴ ውጪ ባለ ሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት በምትገባበት ጊዜ፣ ሦስታችን እንሄዳለን። ፊት ለፊቱ አቆምዎታለሁ። ክንፉም፣ መስቀሉም፣ ጎኑም ባይታይዎ ግድ የለም። ጉንጩ መሀል ላይ ነው። ሐኪሙ መሀሉ ገና ደህና ነው ብሏል። ለዚያ የሚበቃ ብርሃን አለዎት፤ ብቻ እስከዚያ ድረስ ይጠብቁት።

ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ለምን እንዳጠፉት እጠይቅዎ ይሆናል። ላልጠይቅዎም እችላለሁ።

ጠብታው ማታ ከመተኛትዎ በፊት ነው፤ ለየዓይንዎ አንድ አንድ ጠብታ። ካደረጉት በኋላ ዓይንዎን ትንሽ ጨፈን አድርገው ይቆዩ። አንቺ ልጅ፣ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ብልቃጡን አምጪላቸው።

ልጅዎ፣
አዲስ አበባ