ባለቤቱ ማነው ላልከኝ

አባዬ፣ እንደምን አለህ? ጉልበትህ ተሻለህ?

ልጆቹን ሰርከስ ወሰድኳቸው ስልህ ስለ ትርኢቱ ትተህ «ባለቤቱ ማነው?» አልከኝ። መቼስ ነጋዴ ነህ። በስልክ ስለማያልቅ ልጻፍልህ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

የሰርከሱ ስም ሪንግሊንግ ብራዘርስ ኤንድ ባርነም ኤንድ ቤይሊ ይባላል። ባርነምና ቤይሊ በ1881 ተሻረኩ። ሁለቱም ካለፉ በኋላ፣ በ1907፣ ከዊስኮንሲን የተነሱት አምስቱ የሪንግሊንግ ወንድማማቾች ገዙት። በ1919 ከራሳቸው ሰርከስ ጋር ቀላቀሉት።

ወንድማማቾቹ አንድ በአንድ አልፈው ጆን ብቻውን ሲቀር ነው ነገር የተበላሸው። በ1929 አንድ ተፎካካሪ ድርጅት ኒውዮርክ የሚያሳዩበትን አዳራሽ ቀደመው። ጆን እልህ ያዘውና አምስት ሰርከስ ያለውን ያንን ድርጅት እንዳለ በብድር ጠቅልሎ ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፣ ዕዳው አናቱ ላይ ቀረ። በ1936 ሲሞት ባንክ የነበረው 311 ዶላር ነው ይባላል። ፍሎሪዳ ላይ ግን ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤትና በሥዕል የተሞላ ሙዚየም ነበረው።

አሁን ኑዛዜውን ስማ። ከእህቱ ልጅ ጋር ተጣልቶ ስለነበር በኋላ ባስጨመረው ወረቀት ከውርስ ነቀለው። የኑዛዜ አስፈጻሚነቱን ግን መሰረዝ ረሳ! ምንም የማይወርሰው ሰው ንብረቱን ሁሉ ሊያስተዳድር ተቀመጠ። ክርክሩ እስከ 1946 ተጎተተ። ሰርከሱንም የጆን ወንድሞች ሚስቶችና ልጆች ከዚሁ የእህት ልጅ ጋር ይጓተቱበት ነበር፤ አንዱ ሌላውን እያወረደ። በዚያ መሃል ነው በ1944 ሃርትፎርድ ላይ ድንኳኑ ተቃጥሎ ከ160 በላይ ሰው ያለቀው። ውሃ እንዳያስገባ ብለው ሸራውን በሰምና በቤንዚን ቀብተውት ነበር አሉ።

የእህት ልጁ በ1967 በ8 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ከገዢዎቹ አንዱ ኧርቪን ፌልድ እዚሁ እኛ ከተማ፣ ዋሽንግተን፣ የሙዚቃ ሸክላ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። እሱ ደግሞ በ1971 ለባርቢ አሻንጉሊት ሠሪው ለማቴል ሸጠና በ1982 ከሸጠበት ባነሰ ዋጋ መልሶ ገዛው። ይሄን እንደምትወደው አውቃለሁ። ልጁ ኬኔት ወረሰው፤ በ2017 ዘጉት፤ በ2023 ያለ እንስሳ መልሰው ከፈቱት። ስለዚህ ባለቤቱ የፌልድ ቤተሰብ ነው።

አባዬ፣ ያንተና የጋሼ ሱቅ እስከ ዛሬ በቃል ነው ያለው። እናንተ ተማምናችሁ ነው፣ አውቃለሁ። እኔና የጋሼ ልጆች ግን አሁን በሰላም እንደዋወላለን፣ እንዲህ ሆነን ብንቀጥል ነው ደስ የሚለኝ። ከጋሼ ጋር ቁጭ በሉና ድርሻችሁን በጽሑፍ አድርጉት፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ሂዱ። እማዬም አብራችሁ ትሂድ። አስፈጻሚ ማንን እንደምታደርግ ደግሞ ከመፈረምህ በፊት ደውልልኝ።

ልጅህ