ሶል፣ ስለ ቀዩ ማልያ ጠይቀኸኝ ነበር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሰሎሞን፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? እናትህስ? ልጆቹስ አደጉ? መጥፋት ድሮም ልማዴ ነው፤ አንተም ብትሆን ግን አልተሻልክም። ስለዚህ መወቃቀሱን እንተወውና ወደ ጨዋታችን እንግባ።

ሚያዝያ ላይ የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «ኦቬችኪን የሚሉት ሰውዬ ሪከርድ ሰበረ አሉ። ፎቶው ላይ የለበስከው ቀይ ማልያ የሱ ነው እንዴ? በረዶ ላይ የሚንሸራተቱትን ነው አሁን የምትደግፈው?» ብለህ ሳቅክብኝ። ሳቅ፣ ግድ የለም። በድምፅ መልእክት ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ።

አዎ፣ የሱ ነው። ቡድኑ ዋሽንግተን ካፒታልስ የሚባል የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው፤ እዚህ ሰው «ካፕስ» ነው የሚለው። መጀመሪያ ለጨዋታው ደንታም አልነበረኝ። ያስለመዱኝ ታክሲ ስነዳ የምጭናቸው ደጋፊዎች ናቸው። አዳራሹ መሀል ከተማ፣ ቻይናታውን ጋ ነው። ክረምቱን ሙሉ የሚሳፈሩት ሰዎች እየዘፈኑ ነው የሚገቡት፤ ቲፑም ጥሩ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንዱ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ቤቱ እስኪደርስ ትንፍሽ አላለም። ሊወርድ ሲል «ዘንድሮም አልሆነም» አለኝ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። አርሰናልን ይዘህ ከ2004 ጀምሮ የምትጠብቅ ሰው፣ ይሄ ታሪክ ካንተ በላይ ማን ይገባዋል?

(ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ። እየቀነስክ አንብብ።)

የዚህ ሊግ ነገር ከእንግሊዙ ይለያል። አንድ ቡድን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ 82 ጨዋታ ይጫወታል። ሰንጠረዡን አንደኛ ሆኖ ለጨረሰው አንድ ዋንጫ አለ፤ ከቁም ነገር የሚቆጥረው ግን የለም። ከዚያ 16 ቡድኖች ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ይገባሉ፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ሁለት ቡድኖች እስከ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ያልፋል። አራት ዙር ነው። ስታንሊ ካፕ የሚባለውን ዋናውን ዋንጫ ለማንሳት 16 ጊዜ ማሸነፍ አለብህ። አቻ ከሆኑ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት የሚባል የለም። አንድ ግብ እስኪገባ ድረስ ይጫወታሉ፣ ቢነጋም።

አስበው፤ አርሰናል በ22 ነጥብ ልዩነት ሊጉን መርቶ ጨርሶ ከስምንተኛው ቡድን ጋር እንደገና ተጫወት ቢባል! ካፕስ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ልንገርህ።

ቡድኑ የተመሠረተው በ1974 ነው። በመጀመሪያው ዓመት 80 ጨዋታ ተጫውቶ ያሸነፈው 8 ብቻ ነው። በ67ቱ ተሸንፏል። ከሜዳው ውጪ 37 ጊዜ በተከታታይ ተሸነፈ። በመጨረሻ ኦክላንድ ሄደው ካሊፎርኒያ የሚባለውን ቡድን 5 ለ 3 ሲረቱ ተጫዋቾቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የቆሻሻ በርሜል አንስተው፣ ዋንጫ ነው ብለው ከፍ አድርገው ዞሩበት። እኔ ይሄን ታሪክ የሰማሁ ቀን ነው ልቤ የተሸነፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሌይኦፍ የገቡት በ1983 ነው።

አሁን 1987ን ስማ። ከኒውዮርክ አይላንደርስ ጋር ሦስት ለአንድ እየመሩ ነበር፤ አንድ ማሸነፍ ብቻ ቀርቷቸዋል። ተነጠቁ፤ ሦስት ለሦስት ሆነ። ሰባተኛው ጨዋታ ቅዳሜ ማታ በሜዳቸው ነው። 2 ለ 1 ሲመሩ ቆይተው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ግብ ገባባቸው። ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ። ሃያ ደቂቃ፣ ምንም። ሌላ ሃያ፣ ምንም። ሦስተኛውም አለቀ። አራተኛው ጭማሪ ላይ ፓት ላፎንቴን ዞር ብሎ መታትና አገባት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የአይላንደርስ በረኛ በዚያች ሌሊት 73 ኳስ አድኗል።

ያ እሑድ የፈረንጆቹ ፋሲካ ነበር፤ እዚህ እስከ ዛሬ ጨዋታውን በፋሲካ ስም ነው የሚጠሩት። እኔ ግን ቀን ስቆጥር በዚያ ዓመት የኛም ፋሲካ የዋለው በዚያው ቀን ነው። ግቧ ስትገባ እናንተ ጋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። እኔና አንተ ዶሮ ወጡን በልተን፣ አዲስ ልብስ ለብሰን ሰፈር ስንዞር እዚህ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ሰው በእንባ ወደ ቤቱ ይነዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ለአንድ መርቶ መውደቅ ሙያቸው ሆነ። በ1992፣ በ1995፣ በ2010፣ በ2015። በ1998 እንደምንም ፍጻሜ ደርሰው ዲትሮይት 4 ለ 0 አሰናበታቸው።

በ2004 አሌክሳንደር ኦቬችኪንን አገኙ። የሞስኮ ልጅ ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፤ ግራ በኩል ቆሞ ሲመታ ኳሷ አትታይም። ኳስ የምልህ ጥቁሯን ጠፍጣፋ ጎማ ነው፤ ፓክ ይሏታል። ከሱ መምጣት በኋላ ቡድኑ ሊጉን ይጫወትበት ጀመር። በ2010 በ121 ነጥብ ሰንጠረዡን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። በመጀመሪያው ዙር የገጠመው ሞንትሪያል 88 ነጥብ ነው የነበረው። ካፕስ ሦስት ለአንድ መራ። ስድስተኛው ጨዋታ ላይ 54 ጊዜ ወደ ግብ መትተው የሞንትሪያሉ በረኛ ያሮስላቭ ሃላክ 53ቱን አዳነ። ሰባተኛውንም ተሸነፉ። በል አሁን ማንን ትወቅሳለህ? እኔ እንጃ። አሰልጣኝ ቢቀያየር፣ አጨዋወት ቢለወጥ ያው ነው።

ፒትስበርግ ደግሞ የባሰ ነው። የነሱ አምበል ሲድኒ ክሮስቢ ከኦቬችኪን ጋር በአንድ ዓመት ነው ሊጉን የጀመረው። በ2009፣ በ2016፣ በ2017 ካፕስን አስወጡ፤ ሦስቱንም ዓመት ዋንጫውን ወሰዱ። በ2016 እና በ2017 ሊጉን አንደኛ ሆኖ የጨረሰው እኮ ካፕስ ነው። ጋዜጠኛው ሁሉ «ኦቬችኪን ለዋንጫ አልተፈጠረም» ማለት ጀመረ። እኔ ይሄን አባባል አልወደውም። እንዲህ የሚለው ሰው ሰባተኛ ጨዋታ ላይ አንዲት ፓክ ብረት መትታ ስትመለስ አላየም።

2018 ሲመጣ ማንም ምንም አልጠበቀም። ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች ሄደዋል፤ ነጥቡም 105 ነው። በመጀመሪያው ዙር ኮሎምበስ ገና በሜዳቸው ሁለት ጊዜ አሸነፋቸው። «በቃ፣ ያው ነው» አልኩ። ቀጥሎ አራቱንም አሸነፉ። ከዚያ ፒትስበርግ መጣ። ስድስተኛው ጨዋታ፣ ጭማሪ ሰዓት፣ በሰው ሜዳ፤ የካፕሱ ኩዝኔትሶቭ ብቻውን አምልጦ አገባና ክንፉን እንደ ወፍ እያራገበ ሮጠ። እኔ መኪናዬን ዳር አቁሜ በራዲዮ ነበር የምሰማው። ጮህኩ። ቀጥሎ ታምፓ በጨዋታ 3 ለ 2 እየመራቸው የመጨረሻዎቹን ሁለት ጨዋታዎች የካፕሱ በረኛ ብሬደን ሆልትቢ ግቡን ሳያስደፍር ወጣ።

ፍጻሜው ከላስ ቬጋስ ጋር ነው፤ ያ ቡድን ከተመሠረተ ገና አንድ ዓመቱ። የመጀመሪያውን ቬጋስ አሸነፈ። ሁለተኛው ላይ ካፕስ 3 ለ 2 እየመራ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ ፓኳ ለቬጋሱ አሌክስ ተክ ደረሰችው። ግቡ ባዶ ነው። ሆልትቢ ከወዲያኛው ጥግ ራሱን ወርውሮ በዱላው ሰፊው ጫፍ መለሳት። ያቺ ባትመለስ ኖሮ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር።

አምስተኛው ጨዋታ የተካሄደው ቬጋስ ነው፣ ሰኔ 7። እኔ ግን አዳራሹ ደጃፍ፣ መንገድ ላይ፣ ስክሪን ሥር ከሕዝቡ ጋር ቆሜያለሁ። 3 ለ 2 እየተመሩ ነው። ስሚዝ ፔሊ የሚባል፣ ሰው ብዙ የማያነሳው ተጫዋች፣ ፓኳን በእግሩ ለራሱ አቀብሎ እየወደቀ መታት። ገባች! በደረቱ በረዶው ላይ ተዘርግቶ ነው ያገባት። ትንሽ ቆይቶ ላርስ ኤለር ከበረኛው ጀርባ የቀረችውን ገፋ አደረጋት። 4 ለ 3። ከ44 ዓመት በኋላ። አጠገቤ የነበሩ ጠና ያሉ ሰውዬ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ኦቬችኪን ዋንጫውን ሲያነሳ የጮኸው ጩኸት ጆሮዬ ላይ ነው። ከዚያ ሰሞኑን ጆርጅታውን ሄደው ፏፏቴው ውስጥ ሲዋኙ ከረሙ።

ከዚያ ወዲህ? እውነቱን ለመናገር ብዙም የለም። በቀጣዩ ዓመት ካሮላይና በሰባተኛው ጨዋታ፣ በሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት አስወጣቸው። ከዚያ በኋላም ለአምስት ዓመት አንድ ዙር አላለፉም። 2023 ላይ ጭራሽ ፕሌይኦፍ አልገቡም።

አንተ የሰማኸው ሪከርድ ሚያዝያ 6 ቀን 2025 ኒውዮርክ ላይ ነው፣ እዚያው የአይላንደርስ ሜዳ። የድሮው የሆኪ ኮከብ የዌይን ግሬትዝኪ 894 ግብ ከ1999 ጀምሮ ማንም አልደረሰበትም ነበር። ኦቬችኪን ከዚያው ከግራ ቦታው መታና 895 አደረገው፤ በሆዱ በረዶው ላይ ተንሸራተተ። ግሬትዝኪ ራሱ እዚያው ነበር። ጨዋታው ቆመ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ካፕስ 4 ለ 1 ተሸነፈ። ካፕስ ነዋ!

ዘንድሮ ፕሌይኦፍ ላይ ሞንትሪያልን አስወጡልን፣ የ2010ን ዕዳ ከፈሉ ብዬ ተጽናናሁ። ቀጥሎ ካሮላይና 4 ለ 1 ላካቸው። ኦቬችኪን በመስከረም 2025 40 ይሞላዋል፤ ኮንትራቱም እስከ 2026 ነው።

ሊጉ ጥቅምት ላይ ይጀመራል። የኛ ማታ አንድ ሰዓት ለናንተ ከሌሊቱ ስምንት ስለሆነ ተነሥተህ እይ አልልህም። ቅንጭቡን በቴሌግራም እልክልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ አርሰናል አጥቂ ገዛ አልገዛ ንገረኝ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው ታዴ