ቸርኬ በፎቶ አይመረጥም

ይድረስ ለጋዜጣው የመኪና ገጽ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ቱሉ ዲምቱ አደባባዩን አለፍ ብሎ ጎሚስታ ያለኝ ሰው ነኝ። ሰሞኑን የኤሌክትሪክ መኪና ስለማሳመር ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ፎቶዎቹ ያምራሉ አልዋሽም፣ ግን ስለ ቸርኬው የጻፋችሁት ኢንቹን ብቻ ነው፣ 20 ኢንች፣ 21 ኢንች ምናምን፣ በማግስቱ ደግሞ ልጆቹ ፎቶውን በስልክ አንስተው እኔ ጋ ይመጣሉ፣ "ጋሼ ይሄንን ነው የምፈልገው"። በኢንች ብቻ ቸርኬ አይገዛም፣ በተለይ ለኤሌክትሪክ መኪና።

መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በሬ ላይ የሚቆመው መኪና እየተቀየረ ነው። ድሮ ቪትዝና ኮሮላ ነበር፣ አሁን ቢዋይዲው፣ የቮልስዋገኑ አይዲ 4፣ የቶዮታው ቢዚ4ኤክስ በዝቷል። ቪትዝ 1,000 ኪሎ ገደማ ናት፣ አይዲ 4 ግን ሰው ሳይገባበት ከ2,000 ኪሎ ያልፋል፣ ባትሪው ነው እንዲህ የሚያከብደው። ስለዚህ ጎማው ጎን ላይ ከሳይዙ ቀጥላ የተጻፈችው ቁጥር ጌጥ አይደለችም፣ 91 ካለ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፣ 100 ካለ 800 ኪሎ። ፋብሪካው ከሰጠው ያነሰ ማሰር የለም፣ በተለይ ከኛ ሰፈር ተነስቶ የአዳማን ፈጣን መንገድ ቤተሰብ ጭኖ ለሚሄድ ሰው። ቸርኬውም እንደዛው የሚሸከመው ኪሎ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ተጽፎበታል፣ ምንም ያልተጻፈበት ቸርኬ ከመጣ እኔ አልገጥምም፣ ደንበኛው ተቆጥቶ ጎረቤት ጋ ይሂድ።

ዋናው ጣጣ ግን ቡሎኑ ላይ ነው። አንድ ልጅ አይዲ 4 ይዞ መጣ፣ ከሶማሌ ተራ የቶዮታ ራቭ 4 ቸርኬ አራቱንም ገዝቶ ኋላ ጭኖታል። "ጋሼ ባለ አምስት ነው፣ ልክ ነው" ይለኛል። ባለ አምስት መሆኑ ምን ዋጋ አለው፣ የአይዲ 4 አምስቱ ቡሎኖች የሚቀመጡበት ክብ 112 ሚሊሜትር ነው፣ የራቭ 4 ደግሞ 114.3፣ ልዩነቷ 2.3 ሚሊሜትር ናት፣ በዓይን አትታይም፣ በጉልበት ካጠበቅከውም ይገባልሃል፣ አደጋውም እሱ ነው፣ ጭራሽ እምቢ ቢል ይሻል ነበር። ቡሎኑ ተጣሞ ነው የሚቀመጠው፣ ከዛ እየላላ ይሄዳል። መሃል ቀዳዳውም አይገናኝም፣ የቮልስዋገኑ 57.1 የቶዮታው 60.1 ስለሆነ ቸርኬው ሃቡ ላይ፣ ማለት ጎማው የሚታሰርበት የመኪናው እምብርት ላይ፣ አርፎ አይቀመጥም፣ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ብትሰራው ባትሰራው ያው ነው። ይሄ ሁሉ ልክ ሆኖ እንኳ ቸርኬው ላይ የሚያርፈው የቡሎኑ አንገት አለ፣ የቮልስዋገን ኦርጅናል ድቡልቡል ነው፣ ሱቅ ያለው ሞዲፋይ ቸርኬ አብዛኛው ሾጣጣ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ቸርኬ የቀየረ ሰው ቡሎኑንም አብሮ መግዛት አለበት። ማጋነን የሚመስለው ካለ ቶዮታን የሚያክል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ገና አዲስ የሆኑ 2,700 ያህል ቢዚ4ኤክሶችን መልሶ የጠራው በዚሁ በጎማ ቡሎን ነው፣ ሊላላና ጎማው ሊወልቅ ይችላል ብሎ አትንዱት ነው ያለው። እሱ በፋብሪካ የታሰረ ነው እንግዲህ።

ልኩ ሁሉ ተሟልቶስ ትልቅ ቸርኬ ይጠቅማል ወይ ብትሉኝ፣ እዚህ ዳር ለምንኖር አይጠቅምም ባይ ነኝ። የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስን ውሰዱ፣ ከፋብሪካ 215/60 በ17 ኢንች አለው፣ የጎማው ስፋት 215 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት ደግሞ የስፋቱ 60 በመቶ ማለት ነው፣ 129 ሚሊሜትር ይሆናል። 215/55 በ18ም አለው፣ 118 ነው፣ አሁንም ደህና። ሰው 19 ላድርገው ብሎ 215/45 ሲያስገባ 97 ሚሊሜትር ይቀራል፣ ጎማው እሱን ይዞ ነው ከአስፋልቱ ወርዶ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ያለውን ጉድጓድና የኮብልስቶን ጠርዝ የሚመታው። የተሰነጠቀና የተጣመመ ቸርኬ ክረምት ላይ ደጄ ይከመራል፣ ለኔማ ስራ ነው።

ቻርጁንም ይበላል። ፊት ጎማው ብቻ የሚነዳው የ2023ቱ ቢዚ4ኤክስ በአሜሪካ መለኪያ በአንድ ቻርጅ 18 ኢንች ያለው 252 ማይል፣ 20 ኢንች ያለው 242 ማይል ነው የተሰጠው፣ በኛ 406 እና 389 ኪሎሜትር መሆኑ ነው። ባለ 20ው ሌላም የቅንጦት ዕቃ አለው፣ ልዩነቱ ሁሉ የቸርኬ ነው አልልም። ደግሞ ያ ዝግ የሆነው የፕላስቲክ የቸርኬ ክዳን፣ ሰው ድስት ግጣም ይመስላል ብሎ አውልቆ እኔ ጋ ጥሎት ይሄዳል፣ እሱ ግን የተሰራው ንፋሱ ሳይቆራረጥ እንዲያልፍ ነው፣ ፈጣን መንገድ ላይ ነው ጥቅሙ የሚታወቀው። አስጠላኝ ካልክ ቀለም ቀባው ወይም ስቲከር አልብሰው፣ ከአዲስ ቸርኬ ጋር ዋጋው አይገናኝም።

ስፖይለሩን፣ መብራቱን፣ ራፑን (ቀለሙ ላይ የሚለጠፈውን ሽፋን) ሰው እንደወደደ ያድርግ፣ እኔ ዕድሜዬም አይደለም። መኪናውን ዝቅ ማስደረግ ግን ተዉ፣ ባትሪው እኮ ወለሉ ስር ነው ያለው፣ የኛ ሰፈር የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ደግሞ ለከባድ መኪና የተሰራ ነው የሚመስለው። የሙያ ጓደኞቼም ይስሙኝ፣ ክሪክ የትም አይገባም፣ ፋብሪካው ምልክት ያደረገበት ቦታ ብቻ ነው፣ መሃል ወለሉን የደገፈ የባትሪውን ቤት ይሰረጉደዋል፣ እሱን ማን ይከፍላል?

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ፎቶ ስታወጡ ከስሩ የቡሎኑን ክብ፣ የመሃል ቀዳዳውን፣ ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጪ የሚገባበትን ልክ እና የሚሸከመውን ኪሎ ጻፉልን፣ አንድ መስመር ነው። ሻጮቹንም እሱን ጠይቋቸው። እግረ መንገዴን ለአይዲ 4 ባለቤቶች፣ ጎማ ፊትና ኋላ አቀያይርልን አትበሉን፣ የጎማው ስፋት ፊቱ 235 ኋላው 255 ሚሊሜትር ነው።

ጎሚስታው፣ ከቱሉ ዲምቱ