ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ድምፅሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለሚሚ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ወገቤ ብቻ እንደምታውቂው ነው። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማ» ብለሽ ስለምትዘጊው መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ለክርስትና ተሰሎንቄ የመጣችው ጎረቤታችን ነጩ ግንብ አጠገብ አይታሻለች። ሲጋራ ይዘሽ። ስጠይቅሽ አልካድሽኝም፤ «ለመድረክ ድምፅ ነው እማ፣ ሜሊናም ታጨስ ነበር» አልሽኝ። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ሲጋራውን ተይ የኔ እናት።

ግሪካዊቷ ተዋናይ ሜሊና መርኩሪ ያረፈችው እኔ አቴንስ በገባሁ በጥቂት ወር ነው። የካቲት 27 ቀን 1986፣ በነሱ ማርች 6 ቀን 1994፣ እሁድ፣ የሁዳዴ ቅበላ ዕለት። ዓለም ያወቃት «እሁድ በፍጹም» በሚባለው ፊልም ስለነበር ኪሪያዬ፣ ያኔ የምሠራላት እመቤት፣ «በእሁድ? በእሁድ?» እያለች ስታለቅስ ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ኒውዮርክ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሳንባ ካንሰር ሞተች። የምን ካንሰር እንደሆነ ልብ ብለሽ አንብቢው።

አስከሬኗ መጥቶ የቀብሯ ዕለት ኪሪያዬ ክንዴን ይዛ ወጣች። መንገዱ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ሬሳው ሲያልፍ ያጨበጭባል። እኔ ለቀብር ሲለቀስ እንጂ ሲጨበጨብ አይቼ አላውቅም፤ ደነገጥኩ። ቋንቋውም ገና ስለሆነ «ንግሥት ናት?» ብዬ በእጄ ዘውድ እያሳየሁ ጠየቅኳት። ኪሪያዬ እንባዋን ጠርጋ «ቲያትሪና» አለችኝ። ያን ቀን ነው ተዋናይ እንዲህ እንደሚቀበር ያወቅሁት።

ያ ጎርናና ድምፅ በሲጋራ የተሠራ እንዳይመስልሽ። አያቷ የአቴንስ ከንቲባ የነበሩ ናቸው፤ ቤተሰቧ ተዋናይ እንድትሆን አልፈለገም፤ እሷ ግን የብሔራዊ ቲያትርን ትምህርት ቤት ጨረሰች። በካሮሎስ ኩን ቲያትር፣ በቴኔሲ ዊሊያምስ ድራማ ብላንሽን ሆና በ1949 ተጫወተች፤ ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ጸሐፌ ተውኔቱ ካምባኔሊስ «ስቴላ»ን መጀመሪያ የጻፈው ለመድረክ፣ ለሷ ብሎ ነበር። ያው ታሪክ በ1955 የመጀመሪያ ፊልሟ ሆነ፤ በዚያ ዓመት 35 ሞላት። ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተሸለመችው በ1960 ነው። አንቺ በ21 ዓመትሽ ዘገየሁ እያልሽ ታለቅሻለሽ። ይልቅ የድምፅ አስተማሪሽ የሚሰጥሽን የትንፋሽ ልምምድ ጠዋት ጠዋት ሥሪ፤ ሲጋራውን ተይ።

አሁን የምጽፍልሽ ሌላ ነገር ነው፤ ለራሴ ነው ብዬም ልጽፈው።

በ1967 ኮሎኔሎቹ ሥልጣን ሲይዙ ሜሊና አሜሪካ መድረክ ላይ ነበረች። ስለተቃወመቻቸው ዜግነቷን ገፈፏት፣ ንብረቷን ወረሱባት። እሷም ግሪክ ሆኜ ተወልጃለሁ፣ ግሪክ ሆኜ እሞታለሁ አለቻቸው። ተመልሳ የባህል ሚኒስትር ሆነች፤ የፓርተኖንን እብነ በረድ ከእንግሊዞች፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም፣ ልታስመልስ ስትታገል ኖረች። የመቅደላው ታቦታችን እዚያው ሙዚየም ውስጥ ነውና ይሄ ቁጭት ይገባኛል።

አንቺም እዚሁ ኪፕሴሊ ተወለድሽ፤ ግን ለስደተኛ ልጆች ዜግነት የሚሰጠው ሕግ በ2015 እስኪወጣ ድረስ የማንም አልነበርሽም። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ለኦክቶበር 28 የግሪኮች ብሔራዊ በዓል ግጥም እንድታነቢ መረጡሽ። የኔ የመኖሪያ ፈቃድ ያን ጊዜ ቀኑ አልፎበት ነበር። ዓይን ውስጥ አንግባ ብዬ፣ አመማት ብዬ አስቀረሁሽ። ማታ ከሥራ ስገባ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫሽ ስበሽ ግጥሙን በሹክሹክታ ስትይው ሰማሁ። ጫማዬን እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ግቢና እቀፊያት አለኝ ልቤ፤ አልገባሁም። አንድም ቀን ይቅርታ ብዬሽ አላውቅም። ይቅር በይኝ ሚሚ። ያን ድምፅ አንዴ እኔ ነኝ ያፈንኩት፤ ሁለተኛ አንቺ ራስሽ በጭስ ስታፍኚው ማየት አልችልም።

በኬቴል አውቶቡስ የላክሁት ካርቶን ውስጥ ሽሮና በርበሬ አለ፤ ከላይ ያለው ድርቆሽ ነው፣ ቶሎ ብዪው። ሳልሽ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ አምካሽን፣ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥርሽን፣ ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂና የሳንባ ራጅ ተነሺ፤ ውጤቱን በቫይበር ላኪልኝ። ጥቁሩን ካፖርት አትሽጪው። ሲጋራ ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምናገረው፤ ተይ ብያለሁ።

የሰኔው ትርዒት ቀኑ ሲቆረጥ ወዲያው ደውዪ። ከአሠሪዬ ሁለት ቀን ለምኛለሁ፤ ፈቅዳልኛለች። ትኬቱን ከፊት ረድፍ ቁረጪልኝ፤ ሌሊቱን ተጉዤ እመጣለሁ።

እናትሽ