የቃኘው አባቶቻችንን ወግ እንቅዳ

ውድ አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ያወራነውን ላስታውስ። የኮሪያ ዘማች አባቶቻችንን ታሪክ በድምፅ እንቅዳ ብለን ነበር። ለኮሪያ ጦርነት የተላከው የኢትዮጵያ ጦር፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ እስከ ደቡብ ኮሪያ ወደብ፣ ፑሳን። ያኔ ጎረምሳ የነበረው ሁሉ ዛሬ ዘጠናን አልፏል። ስለዚህ "ከክረምት በኋላ" የምትለዋን ነገር እንተዋት።

ስትጠይቁ "ስንት ውጊያ ገቡ?" ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱን በየበዓሉ ሰምተነዋል፤ "አንድም ሰው አልተማረከብንም" ይባልና ወሬው ያልቃል። ኩራታችን ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ስለ በረዶው ጠይቁ። ስለ ምግቡ፣ ስለ ደብዳቤው። አባቴ ለዓመታት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። አንድ ማታ ጋቢውን ሳለብሰው "እዚያ እኮ የጠመንጃው ብረት እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር" አለኝ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራ። ሻዩ እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

አንዳንዶቹ ዝምታን የለመዱት በደርግ ጊዜ ነው። መንግሥት እነሱ የተዋጓት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነበርና "ኮሪያ ዘምቻለሁ" ማለት አያዋጣም ነበር። አትቸኩሏቸው። እንባ ከመጣ የምትቀዱበትን ስልክ አጥፉት።

ዓመት ሲጠሩ የኛ ይሁን የፈረንጅ አረጋግጡ፤ እኔ በዚህ ተሸውጃለሁ። የፎቶ ጀርባ ላይ ስም በእርሳስ ጻፉ። እናቶችንም ቅዱ፣ ሲጠብቁ የኖሩት እነሱ ናቸው።

መቅዳት የሚያስቸግራችሁ የልጅ ልጆቹን ያዙ። ቅጂውን ለጸሐፊያችን አድርሱ። የመጀመሪያውን ቅጂ አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያው ግቢ ተሰብስበን እንሰማዋለን።