አራሷ የምትተኛበት ቤት የት እንደሆነ ይመዝገብ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝ በሐምሌ ወር እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያረሰች አንዲት ተከራይ ናት። ባሏ ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ማለዳ ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እናቷ ያሉት ወሎ ነው፤ ሊመጡላት አልቻሉም። ጤና ጣቢያ ወልዳ በማግሥቱ ቤቷ ገባች።

በአምስተኛው ቀን ገንፎ ይዤ ወጣሁ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። እሷ ሁለት ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ብርድ ነው እማማ፣ አራስ አይደለሁ? ይለቀኛል» አለችኝ። ሕፃኑን ልቀበላት ስጠጋ ክንዷ እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ከአልጋው የሚመጣው ሽታም የደህና አራስ ሽታ አልነበረም። የጎረቤት መኪና ለምነን ሆስፒታል አደረስናት። ማሕፀኗ ተመርዞ ኖሯል። ዘጠኝ ቀን ተኝታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። «አራሷን ብርድ መታት» እያልን ስንቷን ትኩሳተኛ ጋቢ እየደረብንባት ይሆን? እኔም ስል ኖሬአለሁ።

ልጄ ባለፈው ዓመት የወለደችው መሀል ከተማ፣ እኔ ባደግሁበት ሰፈር ነው። በሦስተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቦርሳዋን አንግታ ሳትጠራ መጣች። የደም ግፊቷን ለካች፤ የሕፃኑን እትብት ገልጣ አየች፤ «እስቲ አጥቢው» ብላ አጠባቧን እዚያው አስተካከለችላት። ምን ያህል ደም እንደሚፈሳት ጠየቀቻት። ትኩሳት ከመጣ፣ መጥፎ ሽታ ካለ፣ ራስ ምታቱ ከበረታ አንድም ቀን እንዳታድር አስጠነቀቀቻት። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የመጣችው ግን ስለምታውቀን ነው፤ ቤተሰባችን በማህደሯ ተመዝግቧል፣ ያ ቤትም ሠላሳ ዓመት ከቤተሰባችን አልወጣም።

አንድ ከተማ፣ አንድ አገልግሎት። በከተሞች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያዎች ቤት ለቤት እንዲሄዱ ተደርጓል፤ ትልቅ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ካለው የመጀመሪያ ቀን ክትትል በተጨማሪ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት። በ2011 ዓ.ም. በአገር ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የታዩት እናቶች 34 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ደግሞ ጉብኝቱ ቤት ያለውን ሲያገኝ ተከራዩን ሲስት ነው። ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃዋን ጠቅልላ የምትዞር፣ መታወቂያዋ የገጠር የሆነ፣ በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና የጸነሰች፣ የምታርሳት እናት አጠገቧ የሌለች፣ በየትኛው ማህደር ላይ ትገኝ? ከሁሉ በላይ ጠያቂ የሚያስፈልጋት ግን እሷ ናት።

ባለሙያዎቹን አልወቅስም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አምስት ፎቅ ሲወጡና ሲወርዱ፣ በየግቢው በር ላይ ዘበኛ ሲመልሳቸው አይቻለሁ። ማንኳኳት ያለባቸውን በር የሚነግራቸው ሰው ግን የለም።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይመስለኝም። እናቲቱ ከወለደችበት ስትወጣ መታወቂያዋ ላይ ያለውን አድራሻ ሳይሆን «አሁን የምትተኚው የት ነው?» ተብላ ትጠየቅ። ብሎኩ፣ ፎቁ፣ የባሏ ወይም የጎረቤቷ ስልክ ይጻፍ። ያ ወረቀት በዚያው ቀን ለምታርፍበት ወረዳ ባለሙያ ይድረስ፤ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል። በየብሎኩም ነፍሰ ጡሮቹን የምናውቅ ሴቶች አለን፤ የሚጠይቀን ካለ እንናገራለን።

በእኛ ብሎክ አሁን ሁለት ነፍሰ ጡሮች አሉ፤ ሁለቱም ተከራዮች ናቸው። አንደኛዋ አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ናት፤ ወሯ ገብቷል።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ