ፔዳሉ ምን ይላል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ማረጋጊያ መድኃኒቶች ባወጣችሁት ጽሑፍ ሱስ የማስያዝ አቅማቸው የተመዘነው ተጠቃሚዎች «ምን ያህል ወደዳችሁት?» ተብለው በሰጡት መልስ ብቻ ነው። መድኃኒቱን መውደድና እሱን ለማግኘት መልፋት ግን ለየቅል ናቸው።

ልፋትን የሚለካ ዘዴ ከተገኘ ቆይቷል። ሆዶስ የተባለው ተመራማሪ በ1961 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ለእያንዳንዱ ጉርሻ (ለሥራው ለሚሰጠው ሽልማት) የሚጠየቀው ሥራ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል፤ እንስሳው «በቃኝ» ብሎ የሚተውበት ነጥብ የጉርሻውን ጉልበት ይናገራል። በ1970ዎቹ ደግሞ ግሪፊትስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጎ ፈቃደኞችን ከቦታው በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አስቀመጡ። ፔዳሉን የተባለውን ያህል የመታ መድኃኒቱን ያገኛል። የእንቅልፍ መድኃኒቱ ፔንቶባርቢታል ከማረጋጊያው ከዳያዜፓም ይልቅ ሰዎቹን አስለፋቸው፤ ለአእምሮ ሕመም ለሚሰጠው ለክሎርፕሮማዚን ግን መድኃኒት እንደሌለበት ባዶ ክኒን ሁሉ እምብዛም የለፋ አልነበረም። እኔ በበኩሌ ከመጠይቁ ይልቅ ፔዳሉን አምናለሁ፤ እግር ለይሉኝታ ብሎ አይደክምማ!

አንድ ችግር ግን አለ። እነዚህ መድኃኒቶች ራሳቸው ያፈዛሉ፣ እንቅልፍም ያመጣሉ። ሰውየው ፔዳሉን የተወው ስላልፈለገ ነው ወይስ ዓይኑ ስለከበደው? ስለዚህ የፔዳሉ ሥራ መድኃኒቱ ከመወሰዱ በፊት፣ የቀደመው መጠንም ከሰውነት ከወጣ በኋላ መሠራት አለበት። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ውጤት ስትጠቅሱ ይህንንም ብትጽፉልን።

አንድ አንባቢያችሁ